ከበረት እስከ ምድጃ፦ የክልል የልቀት ቆጠራ እንዴት ይሠራል?

ደብዳቤው ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፦ «የክልሉ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት መጠን ተጠናቅሮ እንዲቀርብ»። ደብዳቤው ጠረጴዛዎ ላይ ያረፈ ዕለት መጀመሪያ ዐይንዎ ላይ የሚመጣው የፋብሪካ ጭስ ማውጫና ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋ አይሱዙ ይሆናል። የአብዛኛው የኢትዮጵያ ክልል ልቀት ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ በረት ውስጥ፣ ማሳ ላይ፣ ጫካ ዳርና ምድጃ ሥር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአገሪቱ የአየር ንብረት ለውጥ የማይበግረው አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የ2010ን ልቀት ወደ 150 ሚሊዮን ቶን ገምቶ፣ ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ትራንስፖርቱም ኢንዱስትሪውም እያንዳንዳቸው 3 በመቶ ገደማ ነበሩ።

ይህ መመሪያ በክልል ቢሮ ውስጥ ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚረከቡ ባለሙያ የተጻፈ ነው። ምሳሌዎቹን በአብዛኛው ከአማራ ክልል ወስደናል፤ አካሄዱ ግን ለሌላውም ክልል ይሠራል። ከሁሉም በላይ ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛ፣ ጉልበትዎን ጭስ በሚታይበት ሳይሆን ልቀት ባለበት ያፍስሱ። ሁለተኛ፣ የሄዱበትን መንገድ ሌላ ሰው ተከትሎት እዚያው እንዲደርስ አድርገው ይጻፉ።

ስሌቱ በመሠረቱ አንድ መስመር ነው፦ የእንቅስቃሴ መጠን × የልቀት ማባዣ = ልቀት። የእንቅስቃሴ መጠን የሚባለው የከብቱ ቁጥር፣ የናፍጣው ሊትር፣ የማዳበሪያው ኩንታል ነው። ማባዣው ባለሙያዎች ኢሚሽን ፋክተር የሚሉት ነው፤ አንዲት ላም በዓመት ወይም አንድ ሊትር ነዳጅ ሲቃጠል ስንት ጋዝ እንደሚወጣ የሚናገር ቁጥር። ማባዣዎቹ የሚገኙት በይነ መንግሥታዊው የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል፣ በተለምዶ አይፒሲሲ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያና በ2019 ባደረገው ማሻሻያ ውስጥ ነው። መመሪያው ሦስት ደረጃ አለው። ደረጃ 1 ለዓለም ወይም ለመላው አፍሪካ የተዘጋጀውን ቁጥር እንዳለ መውሰድ ነው፤ ደረጃ 2 የአገርን ወይም የክልልን ልክ መሥራት ነው፤ ደረጃ 3 ቀጥተኛ ልኬትና ውስብስብ ሞዴል ይጠይቃል። ሁሉንም በደረጃ 2 ልሥራ ብሎ የተነሳ ባለሙያ አንዱንም ሳይጨርስ ዓመቱ ያልቅበታል።

1. ወሰኑን ይቁረጡ

መጀመሪያ ካርታ ያንሱ። ዞኖችና ወረዳዎች ይከፈላሉ፣ ስማቸው ይለወጣል፤ ስለዚህ የትኛውን ዓመት የወረዳ ዝርዝር እንደተጠቀሙ ይጻፉና ለሁሉም ዘርፍ ያንኑ ይጠቀሙ። የግብርናው መረጃ በአዲሱ የወረዳ አከፋፈል፣ የደኑ ደግሞ በአሮጌው ከሆነ ድምሩ አይገጥምም።

ቀጥሎ ልቀቱን በሦስት መደብ ይለዩ። አንደኛው በክልሉ መሬት ላይ የሚወጣው ነው። ሁለተኛው ክልሉ ውስጥ ለሚበራው ኤሌክትሪክ ሲባል ኃይል ማመንጫው ዘንድ የሚወጣው ነው፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ይህ ትንሽ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ የሚነሳውን ጄኔሬተር ግን አይርሱ፤ እርሱ ናፍጣ ነው፣ የሚገባውም አንደኛው መደብ ውስጥ ነው። ሦስተኛው ክልሉ ቢያስከትለውም ከወሰኑ ውጭ የሚወጣው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ሲሚንቶ ነው። ልቀቱ የሚቆጠረው ክሊንከሩ፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ግብዓት፣ በተቃጠለበት እንጂ ሲሚንቶው በተቦካበት ቦታ አይደለም። ከሙገር የመጣ ሲሚንቶ ባሕር ዳር ላይ ሕንፃ ቢሆን ልቀቱ የኦሮሚያ ነው፤ ሰሜን ሸዋ ለሚ ላይ የተመረተው አዲስ አበባ ቢገባም ልቀቱ የአማራ ነው።

2. ሁለቱን የዘመን አቆጣጠር ያስታርቁ

ይህን እርምጃ የውጭ መመሪያዎች አያነሱልዎትም። የአገር አቀፍ ሪፖርቱ የሚጠይቀው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያለውን ዓመት ነው። የእኛ መረጃ ግን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ባለው በጀት ዓመት ተሰድሮ ነው የሚመጣው።

እ.ኤ.አ. 2022ን ይቆጥሩ እንበል። የ2014 በጀት ዓመት ያበቃው ጁላይ 7 ቀን 2022 ነው። ስለዚህ ከፈረንጆቹ ዓመት 188 ቀኑ በ2014፣ ቀሪው 177 ቀን በ2015 በጀት ዓመት ውስጥ ይወድቃል። ዓመቱን ሙሉ እኩል የሚሄድ ነገር ለምሳሌ የናፍጣ ሽያጭ ከሆነ፣ የ2014ን መጠን በ188/365፣ የ2015ን በ177/365 አባዝተው ይደምሩ። የወር በወር መረጃ ካገኙ ደግሞ የተሻለ ነው።

ማዳበሪያን ግን በቀን አይከፋፍሉት። ገበሬው የሚጨምረው በዘርና በኩትኳቶ ወቅት ነው፤ ያ ደግሞ የበጀት ዓመቱን መጋጠሚያ ይረግጣል። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች መረጃውን የሚይዙት በምርት ዘመን ስለሆነ፣ የ2014/15 ምርት ዘመን የመኸር ማዳበሪያን እንዳለ ለ2022 ይስጡት። የመስኖው ድርሻ ትልቅ በሆነበት ወረዳ ለብቻው ይዩት። የመረጡትን መንገድ በሠንጠረዡ ግርጌ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ። በመጪው ዓመት የሚተካዎት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው።

3. በአንድ ሳምንት ረቂቅ ቆጠራ ይሥሩ

ወረዳ ለወረዳ መዞር ከመጀመርዎ በፊት ቢሮ ውስጥ ባለው መረጃና በደረጃ 1 ማባዣ ብቻ ሁሉንም ዘርፍ በጥድፊያ ይገምቱ። ከዚያ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይደርድሩና ድምሩ ከጠቅላላው 95 በመቶ እስኪደርስ ከላይ ወደ ታች ይደምሩ። ከዚያ መስመር በላይ የቀሩት ዋነኛ ምንጮችዎ ናቸው።

ምን ያህል ዐይን እንደሚገልጥ በአንድ ምሳሌ እንይ። አንድ ወረዳ 100,000 የቀንድ ከብት አለው እንበል። አይፒሲሲ በ2006ቱ መመሪያ ለአፍሪካ ከወተት ላም ውጭ ላለ ከብት የሰጠው ማባዣ በዓመት 31 ኪሎ ሚቴን ነው። 100,000 × 31 = 3,100 ቶን ሚቴን። ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያሞቃል ብለን ብናሰላ 86,800 ቶን ይሆናል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ስለሚያወጣ፣ የዚያ ወረዳ ከብት ልቀት ብቻውን ወደ 32 ሚሊዮን ሊትር ናፍጣ ከመቃጠሉ ጋር እኩል ነው። ወረዳው በዓመት ይህን ያህል ናፍጣ ይቀዳ እንደሆነ እርስዎው ያውቁታል። የጉዞ ውሎ አበልዎን ማደያ ለማደያ ሲዞሩ መጨረስ የሌለብዎት ለዚህ ነው።

4. መረጃውን ከምንጩ ይውሰዱ

ደብዳቤ ጽፎ መጠበቅ ብቻውን አይበቃም። አንድ ገጽ ቅጽ ያዘጋጁ። ቅጹ የሚፈለገውን ቁጥር፣ መለኪያውን፣ ዘመኑን፣ መረጃው እንዴት እንደተሰበሰበና የሞላውን ሰው የሥራ ድርሻ ይጠይቅ። ቅጹን ይዘው በአካል ይሂዱ፤ የቁጥሩ ታሪክ የሚነገረው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ ነው።

ለአንድ ነገር ሁለት ቁጥር ማግኘትዎ አይቀርም። የከብት ቁጥር ከኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት የናሙና ጥናት አንድ ይሆናል፣ ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሌላ። የወረዳው ከክትባት መዝገብ የተሰላ ሊሆን ይችላል፤ በየቤቱ የተጠየቀም ከሆነ ግብር ይጨመርብኛል ብሎ ከብቱን ያሳነሰ ገበሬ አይጠፋም። የናሙና ጥናቱ በበኩሉ ከተማ ውስጥ ያሉትን የወተት ላሞች ማካተቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሁለቱን አማካይ አድርገው አያምታቱ። አንዱን ይምረጡ፣ ለምን እንደመረጡት ይጻፉ፣ ሌላውን ለማነጻጸሪያ ያስቀምጡ።

የሕዝብ ቁጥር ላይም ይጠንቀቁ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። የማገዶውም የቆሻሻውም የመጸዳጃውም ስሌት በሕዝብ ቁጥር ላይ ስለሚቆም፣ አንዱ ዘርፍ አንድ ትንበያ ሌላው ሌላ እንዳይጠቀም ቁጥሩን አንድ ቦታ ቆልፈው ያስቀምጡ።

በጸጥታ ወይም በሌላ ምክንያት መረጃ ያልመጣበት ወረዳ ቢኖር ባዶ አይተዉት፣ ዜሮም አይሙሉበት። ካለፈው ዓመት ወይም ከተመሳሳይ አጎራባች ወረዳ ገምተው፣ ግምት መሆኑን በቀለም ይለዩት። በሠንጠረዡ ውስጥ ቁጥር የሌለበት ሳጥን ሁሉ ከአራቱ አንዱን ይያዝ፦ «ክልሉ ውስጥ የለም»፣ «አልተገመተም»፣ «ሌላ ቦታ ተካቷል»፣ «ምስጢር ነው»። ባዶ ሳጥን ብቻውን ቢቀር አንባቢው ሥራውን ረስተውት ይሁን ነገሩ ራሱ ሳይኖር ቀርቶ አያውቅም።

5. ዘርፍ በዘርፍ ያስሉ

*ከብት።* ልቀቱ በዋናነት እንስሳው ሲያመሰኳ በግሳት የሚወጣው ሚቴን ነው። በ2006ቱ መመሪያ የደረጃ 1 ማባዣዎቹ በዓመት በአንድ እንስሳ፦ ለወተት ላም 46 ኪሎ፣ ለሌላ የቀንድ ከብት 31፣ ለበግና ለፍየል 5፣ ለግመል 46፣ ለፈረስ 18፣ ለበቅሎና ለአህያ 10 ናቸው። «የወተት ላም» የሚለው ግን ለገበያ ወተት የምትያዘውን እንጂ ጥጃዋን አጥብታ ለቤት ጥቂት የምትታለበውን ሁሉ አይመለከትም። ሁሉንም ላም በ46 ካባዙ ልቀቱን ያለ አግባብ ያሳድጉታል።

ወደ ደረጃ 2 የሚያልፉበት ምንጭ ካለ ይህ ይሁን። የደጋ መንጋ ውስጥ የእርሻ በሬ ድርሻው ትልቅ ነው። በሬ በእርሻ ወራት የሚበላው ኃይል፣ በበጋ የሚጋጠው ደረቅ ገለባ፣ ክብደቱ፣ ሁሉም ማባዣውን ይለውጠዋል። ከብቱን በሬ፣ ላም፣ ጊደር፣ ወይፈንና ጥጃ ብለው ይክፈሉ፤ የየመደቡን አማካይ ክብደት፣ የወተት መጠን፣ በዓመት የሚያርስበትን ቀንና የመኖውን ዓይነት ይሰብስቡ። ከግብርና ምርምር ማዕከላት ብዙውን ያገኛሉ።

*እበትና ኩበት።* መስክ ላይ የቀረ እበት፣ የተከመረ ፍግና ለምድጃ የተጠፈጠፈ ኩበት ልቀታቸው ለየቅል ነው። ኩበቱ ተቃጥሎ የሚያወጣው ጋዝ የሚቆጠረው በኃይል ዘርፍ ነው። ስለዚህ ከጠቅላላው እበት ስንቱ ወደ ምድጃ እንደሚሄድ ቀድመው ይገምቱና ያንን ከመስኩ ድርሻ ይቀንሱ።

*ማዳበሪያ።* 1,000 ኩንታል ዩሪያ እንውሰድ፤ 100 ቶን ማለት ነው። 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ 46 ቶን ናይትሮጅን አለው። ከዚህ 1 በመቶው፣ 0.46 ቶን፣ በቀጥታ በናይትረስ ኦክሳይድ መልክ ይወጣል ተብሎ ይሰላል። ይህ የናይትሮጅኑ ክብደት ብቻ ስለሆነ በ44/28 ሲባዛ 0.72 ቶን ጋዝ ይሆናል፤ በ265 ሲባዛ 192 ቶን ገደማ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ። ዩሪያ አፈር ውስጥ ሲሟሟ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅም ሌላ 73 ቶን ይጨመራል። ይህ ድርብ ቆጠራ አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ጋዞች ናቸው። ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ናይትሮጅኑ 19 በመቶ ብቻ ስለሆነ «ማዳበሪያ» ተብሎ በአንድነት የተደመረ የኩንታል ቁጥር አይቀበሉ፤ በዓይነት ተለይቶ ይምጣ። በነፋስና በጎርፍ ተወስዶ ሌላ ቦታ የሚተነውን ቀጥተኛ ያልሆነ ልቀትም መመሪያው በሚሰጠው ማባዣ ያክሉ።

*ሩዝ።* አብዛኛው ክልል ይህን ይዘለዋል፤ ፎገራ ላሉት ግን አይዘለልም። ውኃ ያቆረ ማሳ ሚቴን ያወጣል። በ2006ቱ መመሪያ መነሻው በሄክታር በቀን 1.30 ኪሎ ነው፤ ዝናብ ጠብቆ ለሚለማ ሩዝ በ0.28 ይባዛል። 120 ቀን ውኃ ላይ የቆመ አንድ ሄክታር ወደ 44 ኪሎ ሚቴን፣ ማለትም 1.2 ቶን ገደማ አቻ ያወጣል። የሄክታሩን ስፋት ይዘው ይቀጥሉ።

*ደንና መሬት።* ይህ ከሁሉ የሚከብደውና ከሁሉ በቀላሉ የሚያሳስተው ነው። መሬቱን በስድስት ይክፈሉ፦ ደን፣ የእርሻ መሬት፣ የሣር መሬት፣ ረግረግና ውኃ፣ መኖሪያ፣ ሌላ። ደን ምን እንደሆነ በአገሪቱ ትርጉም ይሂዱ፤ ቢያንስ 0.5 ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የዛፍ ጥላ። በዚህ ትርጉም ሰፊ የቤተ ክርስቲያን ጸበል ዳር ደን ይገባል፣ በማሳ ድንበር የተሰለፈ ባሕር ዛፍ ግን አይገባም።

ስሌቱን እንይ። በአንድ ሄክታር 100 ቶን ደረቅ ክብደት የነበረው ደን ተመንጥሮ ቢያልቅ፣ 100 × 0.47 × 44/12 = 172 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ስለዚህ የተመነጠረውን ስፋት በ10 በመቶ ከሳቱ ስሕተቱ በቀጥታ ወደ ውጤቱ ይገባል። የሳተላይት ካርታ ላይ ያለውን ቀለም ቆጥረው አይመኑ፤ በናሙና ነጥቦች ላይ በዐይን እያረጋገጡ ስፋቱን ያስተካክሉ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የአዊ ዞን ነው። ፋግታ ለኮማና አካባቢው ገበሬው አሲዳማ በሆነ መሬት ላይ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዛፍ ይተክላል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ መሬቱን አርሶ መልሶ ይተክላል። የአንድ ዓመት ምስል ብቻ የሚያይ ሰው «ደን ጨፈጨፉ» ይላል፤ የሚቀጥለውን ዓመት የሚያይ «ደን አለሙ» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም፤ ይህ የሚሽከረከር እርሻ ነው። ስለዚህ በዙሩ ሙሉ ዕድሜ አማካይ ክምችት ያስሉ። ከሰሉ ሲከሰል የሚወጣው ሚቴን የክልሉ ነው፤ አዲስ አበባ ወርዶ ምድጃ ላይ ሲነድ የሚወጣው ደግሞ የአዲስ አበባ።

ሁለተኛው ችግኝ ነው። የአረንጓዴ አሻራ ሪፖርት የተተከለውን ይነግርዎታል፤ ልቀት የሚቀንሰው ግን የጸደቀው ነው። በየዞኑ ጥቂት የተከላ ቦታዎችን በዕጣ መርጠው የጸደቀውን ይቁጠሩ፤ የተተከለውን በዚያ መጠን ይቀንሱ። አለቃዎ ቅር ሊሰኙ ይችላሉ። ቁጥሩን ሌላ ገምጋሚ ሲያጣራው ከማፈር ግን ይሻላል።

*ምድጃ።* አንድ ቤተሰብ በዓመት 2 ቶን እንጨት ቢያነድ ወደ 9.4 ኪሎ ሚቴንና ጥቂት ናይትረስ ኦክሳይድ ያወጣል፤ ሲጠቃለል 295 ኪሎ ገደማ አቻ ነው። ከዚያው እንጨት የሚወጣው 3.5 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከኃይል ዘርፍ ድምር ውስጥ አይገባም፤ በማስታወሻነት ብቻ ይመዘገባል። ምክንያቱም ዛፉ ሲቆረጥ የጠፋው ካርቦን በደን ዘርፍ ተቆጥሯል።

የማገዶ መረጃ የሚመጣው በሸክም፣ በአህያ ጭነትና በኬሻ ነው። መለወጫውን ከመጽሐፍ አይውሰዱ። ሚዛን ይዘው ገበያ ይውረዱ፤ 30 ሸክም እንጨትና 30 ኬሻ ከሰል ይመዝኑ። የደጋና የቆላ ገበያ ይለያያልና ከሁለቱም ይውሰዱ። አንድ ኪሎ ከሰል በባህላዊ ጉድጓድ ለማግኘት በርካታ ኪሎ እንጨት እንደሚያልቅም አይዘንጉ።

*ነዳጅ።* በክልሉ ማደያዎች የተሸጠውን በዓይነት ይውሰዱ። ናፍጣ በሊትር 2.7፣ ቤንዚን 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። ክልሉን አቋርጦ የሚያልፍ የጭነት መኪና የቀዳው አብሮ መደመሩን ይጻፉ። በየመንገዱ በጀሪካን የሚሸጠው መጀመሪያ ከማደያ የወጣ ስለሆነ ዳግመኛ አይጨመርም፤ ከሌላ ክልል የገባ ካልሆነ በቀር።

*ፋብሪካ።* ለሲሚንቶ የሚጠየቀው የክሊንከር ቶን ነው። በአንድ ቶን ክሊንከር 0.52 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከድንጋዩ ይወጣል። ምድጃውን ያሞቀው የድንጋይ ከሰል በኃይል ዘርፍ ለብቻው ይቆጠራል። የሲሚንቶውን ቶን ብቻ ከሰጡዎት የዓይነቱን ድርሻ ይጠይቁ፤ ፒፒሲ የተባለው ሲሚንቶ ፑሚስ ስለሚደባለቅበት ክሊንከሩ ኦፒሲ ከተባለው ያንሳል።

*ቆሻሻ።* ዛሬ ከቆሻሻ ክምር የሚወጣው ሚቴን ባለፉት አሥርት ዓመታት ከተጣለው ነው። ስለዚህ የከተማውን ሕዝብ ወደ ኋላ እየገመቱ መሄድ ግድ ይላል። ጥልቀት የሌለው ክፍት መጣያ የሚያወጣው ሚቴን ጥልቅ ከሆነው በግማሽ ያንሳል፤ ማባዣው ለመጀመሪያው 0.4፣ ከ5 ሜትር በላይ ለሆነው 0.8 ነው። የጉድጓድ መጸዳጃም እንዲሁ ነው፤ ደረቅና የአንድ ቤተሰብ ከሆነ 0.1፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ 0.5።

6. ወደ አንድ መለኪያ ያምጡ

ሦስቱን ጋዞች በየራሳቸው ቶን ሳያስቀምጡ አይደምሩ። መጨረሻ ላይ ሚቴንን በ28፣ ናይትረስ ኦክሳይድን በ265 አባዝተው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ይለውጡ። እነዚህ በአይፒሲሲ አምስተኛ የግምገማ ሪፖርት የተቀመጡ የ100 ዓመት ቁጥሮች ሲሆኑ በፓሪስ ስምምነት ሥር የሚቀርብ ሪፖርት የሚሰላው በእነርሱ ነው። በድሮ ሰነዶች ለሚቴን 21 ወይም 25 ተጽፎ ያገኛሉ። የወረዳችን 3,100 ቶን ሚቴን በ21 ሲሰላ 65,100፣ በ28 ሲሰላ 86,800 ቶን ነው። አንዲት ጊደር ሳትጨመር ልቀቱ በሲሶ «አደገ» ማለት ነው። የቀድሞውን ቆጠራ ከአዲሱ ጋር ከማነጻጸርዎ በፊት የቀድሞውን በአዲሱ ማባዣ ደግመው ያስሉት።

7. የስሕተቱን ወሰን ይናገሩ

የከብቱ ቁጥር ላይ ያለዎት ጥርጣሬ በላይም በታችም 10 በመቶ ነው እንበል፤ ማባዣው ላይ ያለው ደግሞ 40 በመቶ። ሁለቱን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተው ይደምሩና ስኩዌር ሩቱን ይውሰዱ፤ 41 በመቶ ይሆናል። አሁን ከፍተኛ ወጪ አውጥተው የከብቱን ቁጥር ወደ 5 በመቶ ቢያጠሩት ውጤቱ 40 ነው። ምንም አልተለወጠም! ያው ገንዘብ የበሬን ክብደትና የመኖን ጥራት ለመለካት ውሎ ማባዣውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርደው ግን ድምሩ ወደ 22 ይወርዳል። የስሕተት ወሰን ለሪፖርት ማሳመሪያ ሳይሆን የሚቀጥለው ዓመት በጀት የት መዋል እንዳለበት የሚናገር መሣሪያ ነው።

8. ቁጥሩን ይፈትኑ

ከማስረከብዎ በፊት ውጤቱን ወደ ሰው ልክ ያውርዱት። አንድ ቤተሰብ በቀን ስንት ኪሎ እንጨት አነደደ? 40 ኪሎ ከሆነ የሸክም መለወጫዎ ተሳስቷል። በአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል ዩሪያ ተጨመረ? 10 ከሆነ ኪሎና ኩንታል ተቀያይረዋል። አንድ ወረዳ ካምናው ከብቱ በእጥፍ ጨመረ? የወረዳ ወሰን ተለውጦ ይሆናል።

ከዚያ ድርብ ቆጠራን ያድኑ። ኩበቱ በበረትም በምድጃም፣ የማገዶው ካርቦን በደንም በኃይልም፣ የፋብሪካው ነዳጅ በኢንዱስትሪም በማደያ ሽያጭም ገብቶ እንዳይሆን አንድ በአንድ ያጣሩ። በመጨረሻም በሥራው ያልተሳተፈ ሰው፣ ለምሳሌ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ እንዲያየው ይስጡ።

9. ሪፖርቱንና ማኅደሩን ይለዩ

ሪፖርቱ አጭር ይሁን፦ የዘርፍ ሠንጠረዥ፣ የዋነኛ ምንጮች ዝርዝር፣ የስሕተት ወሰን፣ የተደረጉ ምርጫዎችና ያልተገመቱት። አለቃ የሚያነበው ይህን ነው። ማኅደሩ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከየትኛው ቅጽ እንደመጣ፣ የትኛው ማባዣ ከየትኛው ሠንጠረዥ እንደተወሰደ፣ የተሞሉት ቅጾች ቅጂ፣ የገበያ ሚዛን መዝገቡ፣ ሁሉም በዓመትና በዘርፍ ስም ተሰጥቶት በአንድ አቃፊ ይቀመጥ፤ ቅጂውም ከእርስዎ ኮምፒውተር ውጭ። ባለሙያ ይዛወራል፣ ላፕቶፕ ይበላሻል።

የመጨረሻው ፈተና አንድ ቀን ይፈጃል። አቃፊውን ሥራውን ለማያውቅ ባልደረባ ይስጡና «የከብቱን ልቀት ከዚህ ብቻ ተነስተህ አስላልኝ፣ ግን አትደውልልኝ» ይበሉት። ማታ ላይ የእርስዎኑ ቁጥር ይዞ ከመጣ ቆጠራዎ አልቋል። ስልክዎ ከጮኸ ግን የጠየቀዎትን ጥያቄ ይጻፉት፤ ማኅደሩ የጎደለው ያ ነው።